ሸክላው የሚሰበረው እንዴት ነው?

የሸክላ ተኩስ ለመጀመር ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ጠመንጃ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ነው የተሳሳተው። በዚህ ስፖርት ትምህርት ይቀድማል፣ ፈቃድ ይከተላል፣ ከዚያ የብረት ካዝና ይመጣል፤ ጠመንጃው አራተኛ ነው። ተራውን የገለበጠ ሰው ለትከሻው የማይሆን ውድ ዕቃ ታቅፎ ይቀራል። ሸክላ የሚሰብረው የጠመንጃው ዋጋ ሳይሆን መሣሪያው ከተኳሹ ሰውነት ጋር መግጠሙና እጅ የለመደው ሥርዓት ነው። ይህን ለማየት ከዒላማው ተነሥተን፣ በጥይቱ አልፈን፣ እስከ ካዝናው ቁልፍ እንሂድ። ሕጉንና ልማዱን በዋናነት የምናየው ከብሪታንያ ነው፤ ስፖርቱ እዚያ የቅዳሜና እሁድ ተራ ነገር ነውና። አሜሪካና ኢትዮጵያ ያሉ አንባቢዎች ልብ ሊሉት የሚገባውን መጨረሻ ላይ እናነሣለን።

የሚሰበረው ነገር

ሸክላ ይባል እንጂ ዛሬ ውስጡ ጭቃም አፈርም የለም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከዝፍት ጋር በሙቀት ተዋሕዶ በቅርጽ ማውጫ የሚጨፈለቅ ትንሽ ሳሕን ነው። መደበኛው 110 ሚሊ ሜትር ስፋትና 105 ግራም ገደማ ክብደት አለው፤ አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት 108 ሚሊ ሜትር ነው። 90 እና 60 ሚሊ ሜትር የሆኑ ትንንሾችም አሉ፤ ዓይንን ያታልላሉ፣ ሩቅ ያሉ ይመስላሉ። መሬት ለመሬት እየነጠረ የሚንከባለለው ደግሞ «ጥንቸል» ይባላል፤ ድንጋይ ሲመታው እንዳይሰበር ወፈር ተደርጎ ይሠራል።

ሳሕኑ ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን ማሟላት አለበት። የማሽኑ ክንድ በኃይል ሲወረውረው መሰንጠቅ የለበትም፤ ጥቂት የእርሳስ ፍሬዎች ሲነኩት ደግሞ መበተን አለበት። ከማሽኑ እየተሽከረከረ መውጣቱ ለሁለቱም ይረዳዋል፦ ሽክርክሪቱ በአየር ላይ ሚዛኑን ይጠብቅለታል፣ ሲመታም ቶሎ እንዲበታተን ያደርገዋል። ተመታ የሚባለው ዳኛው ቢያንስ አንዲት ስባሪ ስትለይ ካየ ነው። አቧራ ብቻ ከጤሰ በአብዛኛው ውድድር አይቆጠርም።

ከዚህ በፊት የሚተኮሰው በሕይወት ያለ ርግብ ነበር፤ ከሣጥን ይለቀቅና ይመታል። ቀጥሎ የመስታወት ኳስ መጣ፤ ሜዳውን በስብርባሪ ይሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 የአሜሪካዋ የሲንሲናቲ ከተማ ነዋሪ ጆርጅ ሊጎውስኪ እየተሽከረከረ የሚበርረውን ሳሕን ፈለሰፈ፤ ስፖርቱም መልኩን ያዘ። ትራፕ የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ ገባ፤ ስኪት የሚባለው በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ። በትራፕ ዒላማው ከፊት ለፊት ጉድጓድ ተወርውሮ ከተኳሹ እየራቀ ይሄዳል። በስኪት ከግራና ከቀኝ ካሉ ሁለት ማማዎች ተነሥቶ ፊት ለፊት ያቋርጣል፤ ተኳሹም በ8 ቦታዎች እየተዘዋወረ 25 ዒላማ ይተኩሳል። በብሪታንያ ከሁሉ የሚዘወተረው ስፖርቲንግ የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት ነው። በእሱ ዒላማው ከላይም፣ ከጎንም፣ ከኋላም፣ በመሬትም ይመጣል።

አንድ ጥይት፣ አራት መቶ ፍሬ

ለአገራችን አንባቢ ጠመንጃ ሲባል የሚታወሰው አንድ እርሳስ የሚተፋው ነው። ምንሽሩም ክላሹም እንደዚያ ናቸው፤ አፈሙዛቸው ውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ አለው፣ ጥርሱም እርሳሱን እያሽከረከረ ቀጥ አድርጎ ይሰደዋል። ሸክላ የሚተኮስበት የሾትገን አፈሙዝ ግን ልሙጥ ነው። ከውስጡ የሚወጣው በመቶ የሚቆጠር ጥቃቅን ፍሬ በመሆኑ መሽከርከር አይፈልግም።

ያልተተኮሰ ጥይት በቁመቱ ቢሰነጠቅ ከታች ወደ ላይ አራት ነገር ይታያል። ከታች ባለው የብረት ቆብ መካከል ፕራይመር የሚባለው እሳት ጫሪ አለ። ከሱ በላይ ባሩዱ ይቀመጣል። ከባሩዱ በላይ ዋድ የሚባል ውታፍ አለ፤ ጋዙ በፍሬዎቹ መካከል ሾልኮ እንዳያልፍ ይዘጋል፣ ፍሬዎቹንም ከኋላ ይገፋል። ከላይ ፍሬዎቹ ናቸው፤ የፕላስቲክ ቀለሁ ጫፍ እንደ ኮከብ ታጥፎ ይዘጋባቸዋል። ምላጩ ሲሳብ መርፌው ፕራይመሩን ይመታል፣ ባሩዱ ይነድዳል፣ ጋዙ ውታፉን ይገፋል፣ ፍሬዎቹም ከአፈሙዙ በሰከንድ 400 ሜትርና ከዚያ በላይ ፍጥነት ይወጣሉ።

የጥይት ሣጥን ላይ የሚነበቡት ሁለት ቁጥሮች ክብደትና የፍሬ መጠን ናቸው። 28 ግራም ማለት የፍሬዎቹ ጠቅላላ ክብደት ነው፤ የእንግሊዝ የሸክላ ተኩስ ማኅበር ውድድሮች ጣሪያም ይኸው ነው። የኦሊምፒኩ ጣሪያ 24 ግራም ነው። የፍሬው ቁጥር ሲጨምር ፍሬው ያንሳል። በእንግሊዝ አቆጣጠር 7½ ቁጥር 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ28 ግራም ውስጥ ወደ 400 ፍሬ ይገኛል። 9 ቁጥር 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን 580 ገደማ ይሆናል። ዒላማው ቅርብ በሆነበት በስኪት 9 ቁጥር ይመረጣል፣ ብዙ ፍሬ ሰፊ ቦታ ይሸፍናልና። እየራቀ ለሚሄደው የትራፕ ዒላማ 7½ ወይም 7 ይሻላል፤ ትልቁ ፍሬ ጉልበቱን ይዞ ይደርሳል።

ጀማሪ ከባድ ጥይት መግዛት ይወዳል። ትርፉ የትከሻ ሕመም ነው። ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል ወደ ፊት ከሚሄደው ክብደትና ፍጥነት ጋር ያድጋል፤ የጠመንጃው ክብደት ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ለጀማሪ 21 ወይም 24 ግራም ጥይት ከደህና ክብደት ካለው ጠመንጃ ጋር ይበቃዋል። ትከሻው የታመመ ሰው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ምክር አይረዳውም።

የአፈሙዙ ስፋት ቁጥር የመጣው ከድሮ የመድፈኞች አቆጣጠር ነው። 12 የሚባለው ከአፈሙዙ ውስጠኛ ስፋት ጋር ልክ የሆኑ 12 የእርሳስ ኳሶች አንድ ፓውንድ ስለሚመዝኑ ነው፤ ስፋቱ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 20 ቁጥር 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠባል ማለት ነው። ለሸክላ የተለመደው 12 ነው፤ ጥይቱ በየሱቁ ይገኛል፣ ምርጫውም ሰፊ ነው።

ቾክ የሚያደርገው

አራት መቶው ፍሬ ከአፈሙዙ እንደወጣ መበተን ይጀምራል። ቾክ ማለት የአፈሙዙ ጫፍ በጥቂቱ መጥበቡ ነው። ብዙ ከጠበበ ፍሬዎቹ ተሰብስበው ሩቅ ይሄዳሉ፤ ካልጠበበ ቶሎ ይበተናሉ። ሙሉ ቾክ የሚባለው እንኳ ጥበቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መለኪያው የታወቀ ነው፦ በ40 ያርድ፣ ማለትም በ36 ሜትር ተኩል ርቀት፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ውስጥ ስንት ከመቶ ፍሬ ገባ? ቾክ የሌለው አፈሙዝ 40 ከመቶ ያህል ያስገባል፣ ሩብ ቾክ 55፣ ግማሽ 60፣ ሙሉ 70።

በዘመናዊ ጠመንጃ ቾኩ በጥርስ እየታሠረ የሚቀያየር ቧንቧ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ሰው በየዒላማው ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ለስፖርቲንግ በሁለቱም አፈሙዝ ሩብ ቾክ አስሮ ዓመቱን ሙሉ አለመንካት ይበቃል። ዒላማ የሚሳተው በቾክ ጉዳይ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው ስሕተት ከዒላማው ኋላ መተኮስ ነው።

ለምን ይቀድማል?

30 ሜትር ርቆ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ዒላማ እንውሰድ። ፍሬዎቹ በአየር ግጭት ፍጥነታቸው እየቀነሰ ያንን 30 ሜትር ለመጨረስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይፈጅባቸዋል። በዚያች ቅጽበት ዒላማው 2 ሜትር ሄዷል። ዒላማው ላይ በትክክል አነጣጥሮ የተኮሰ ሰው እንግዲህ 2 ሜትር ከኋላው ያለውን ባዶ አየር መትቷል። በማማ ላይ ተቀምጦ ከማሽላው ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ የወንጭፉን ድንጋይ የሚልከው ወፏ ወዳለችበት ሳይሆን ወደምትደርስበት ነው።

በተግባር ሦስት ዘዴ አለ። አንዱ ከዒላማው ኋላ ተነሥቶ፣ በመስመሩ እየተከተሉ አልፈውት ሲሄዱ መሳብ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከፊቱ ሆኖ ርቀቱን እየጠበቁ አብሮ መሄድ ነው። ሦስተኛው አፈሙዙን ዒላማው ላይ አሳርፎ አብሮት ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወደ ፊት መግፋት ነው። አሠልጣኞች በየትኛው መጀመር እንደሚሻል ይከራከራሉ፤ በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፦ ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ መቆም የለበትም። ጀማሪው ልክ ሊተኩስ ሲል ለማረጋገጥ ቆም ይላል። ዒላማው ግን አይጠብቀውም።

ዓይንም የት እንደሚያይ ወሳኝ ነው። በክላሽ ያነጣጠረ ሰው የፊት ማነጣጠሪያውን ማየት ለምዷል። በሾትገን የሚታየው ዒላማው ብቻ ነው፤ አፈሙዙ በዳር ዓይን ደብዘዝ ብሎ ይታወቃል እንጂ አይታይም። ዓይን ወደ አፈሙዙ ከተመለሰ እጅ ይቆማል።

ዓይን፣ ጉንጭና ሰደፍ

ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ ሥራውን የሚሠራው የተኳሹ ዓይን ነው። ስለዚህ ዓይኑ በእያንዳንዱ ተኩስ አንድ ቦታ ላይ መገኘት አለበት። ይህን የሚወስነው ጉንጭ የሚያርፍበት የሰደፉ ጫፍ ቁመት ነው። ዝቅ ካለ ዓይኑ ከአፈሙዙ በታች ይቀራል፣ ፍሬውም ዝቅ ይላል። ከፍ ካለ ፍሬው ከላይ ያልፋል። ከዓይን እስከ አፈሙዙ ጫፍ አንድ ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ ዓይን በ3 ሚሊ ሜትር ከቦታው ቢዛነፍ በ30 ሜትር ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የዒላማው ስፋት ራሱ 11 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሰደፉ ርዝመትም አለው፤ የሚለካው ከምላጩ እስከ ትከሻው ማረፊያ መካከል ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካ ጠመንጃዎች 37 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ረጅም ከሆነ ሲነሣ ብብት ላይ ይያዛል፤ አጭር ከሆነ አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል። ልክነቱን ለማየት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ከዚያ ወፍራም ጃኬትዎን ለብሰው መስታወት ፊት ይቁሙ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ወደ ጉንጭና ወደ ትከሻ ያንሡ፣ ከዚያ ይግለጡ። በመስታወቱ ውስጥ የሚያነጣጥረው ዓይንዎ ከአፈሙዙ ጫፍ በላይ ልክ መካከል ላይ ከታየ ጠመንጃው ለእርስዎ የተሠራ ያህል ነው። ካልታየ አንገትዎን አያጣምሙ፤ የሚስተካከለው ሰደፉ ነው። የጉንጭ ማረፊያውን ማስተካከል የሚቻልበት ሰደፍም አለ፤ ደህና የጠመንጃ ጠጋኝም እንጨቱን ማሳጠር፣ ማስረዘምና ማዛነፍ ይችላል። ማረጋገጫው ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት ሰሌዳ ነው፦ በ15 ሜትር ላይ የፍሬዎቹ መካከል ከታለመው ቦታ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ የጉንጭ ማረፊያው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የትኛው ዓይን እንደሚያዝ ይወቁ። ሁለት እጆችዎን ዘርግተው በአውራ ጣቶችና በመዳፎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይፍጠሩ፤ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር ይመልከቱና አንድ ዓይን ይጨፍኑ። ነገሩ ከጠፋ የጨፈኑት ዓይን አዛዡ ነው። በቀኝ ትከሻው እየተኮሰ ግራ ዓይኑ የሚያዝ ሰው በልምምድ ብቻ አይድንም። ከሦስት አንዱን መምረጥ አለበት፦ ወደ ግራ ትከሻ መዞር፣ ሲተኩስ ግራ ዓይንን መጨፈን፣ ወይም በመነጽሩ ግራ መስታወት ላይ ትንሽ ደብዛዛ ፕላስተር መለጠፍ።

እንግዲህ የትኛው ጠመንጃ?

ለሸክላ የሚመረጠው ሁለቱ አፈሙዞቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡበት፣ ከመካከሉ የሚታጠፍ ነው። የሚያየው ዓይን በአንድ ጠባብ መስመር ይመራል፤ ሁለት ዒላማ ሲመጣ ሁለተኛው ጥይት ዝግጁ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታጥፎ ሲከፈት ባዶ መሆኑን ከሩቅ የቆመ ሰውም ያያል። የአፈሙዙ ርዝመት ከ71 እስከ 81 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 76 ለብዙ ሰው ይስማማል። ጎን ለጎን የተጣመሩት የድሮዎቹ ቆንጆ ናቸው፤ ለአደን ቀለል ተደርገው ስለተሠሩ ግን መቶ ዒላማ ሲተኩሱ ትከሻ ያስመርራሉ። ራሱ የሚያጎርሰው ከጋዙ ጥቂት ለሥራው ስለሚወስድ ምቱ ለስላሳ ነው፤ ቀለሁን ግን ወደ ጎን ይወረውራል፣ ባዶ መሆኑም በቀላሉ አይታይም። በብሪታንያ ይህ ዓይነት በተራ የሾትገን ፈቃድ የሚያዘው የጥይት መያዣው ከሁለት በላይ የማይወስድ ከሆነ ብቻ ነው።

ያገለገለ መግዛት ጥሩ ምርጫ ነው፤ በደንብ የተያዘ ጠመንጃ ዕድሜው ረጅም ነው። ሱቅ ሲገቡ ይህን ይመልከቱ። ከተዘጋ በኋላ የፊቱን እንጨት ያውጡና ሰደፉን ይዘው ቀስ ብለው ይነቅንቁት፤ መጋጠሚያው ላይ ንቅናቄ ከተሰማ ተበልቷል። የላይኛውን መክፈቻ ዘንግ ይዩት፦ በአዲስ ጠመንጃ ሲዘጋ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፣ እየተበላ ሲሄድ ወደ መካከል ይመጣል፣ መካከሉን ካለፈ ጥገና ደርሷል። አፈሙዙን ነቅለው በመስኮት ብርሃን ውስጡን ይዩ፤ የብርሃኑ ቀለበቶች አንድ ቦታ ላይ ከተጣመሙ ስርጉድ ወይም እብጠት አለ። ከዚያ አፈሙዙን በጣት አንጠልጥለው በጥፍር መታ ያድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠና ከነዘረ ከላዩ ያለው ሐዲድ ከመበየጃው ለቋል። በመጨረሻ የፍተሻ ማኅተሙን ይጠይቁ። በብሪታንያ በለንደን ወይም በበርሚንግሃም የፍተሻ ቤት፣ ወይም ብሪታንያ በምትቀበለው የውጭ ፍተሻ ቤት ያላለፈ ጠመንጃ አይሸጥም።

ፈቃዱና ካዝናው

በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የሾትገን ፈቃድ የሚሰጠው ፖሊስ ነው፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ሲሆን ፈቃዱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ሰሜን አየርላንድ የራሷ ሕግ አላት። አመልካቹን የሚያውቁ ሰዎች ስለ ጠባዩ ይመሰክራሉ፣ ሐኪሙ ስለ ጤናው መረጃ ይሰጣል፣ ፖሊስም ቤት መጥቶ ያነጋግራል፣ ጠመንጃው የት እንደሚቀመጥ ያያል። የሦስት ወርና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት ሰው ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ደግሞ እስከ ዕድሜ ልኩ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ጠመንጃ ሲገዛ ወይም ሲሸጥ በ7 ቀን ውስጥ ለፖሊስ መነገር አለበት፤ ጥይት ለመግዛትም ፈቃዱ ይታያል።

ፈቃድ የሌለው ሰው እንዴት ይማራል? ሕጉ ራሱ በር ከፍቷል፤ ፖሊስ ባጸደቀው የተኩስ ሜዳ፣ ሰው ሠራሽ ዒላማ ላይ፣ መሣሪያ እንዳይዝ ያልተከለከለ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ በሜዳው ጠመንጃ መተኮስ ይችላል። ትምህርቱ ከጠመንጃው ሊቀድም የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ካዝናው ግድግዳ ላይ በብሎን የታሠረ የብረት ቁምሳጥን ነው፤ ቢኤስ 7558 የሚለውን የብሪታንያ ደረጃ ያሟላ ይግዙ። ከካዝናው ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ቁልፉ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው፣ የትዳር ጓደኛም ቢሆን፣ ቁልፉ የት እንዳለ ማወቅ የለበትም። «ቤተሰብ ነን» የሚለው የእኛ ነገር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ፖሊስ ይህን ካወቀ ፈቃዱን ሊነጥቅ ይችላል። ጥይቱን ለብቻው ቆልፎ ማስቀመጥም ብልህነት ነው። መኪና ውስጥ ጠመንጃው በማኅደሩ ሆኖ ከዓይን ይሰወር፤ ሻይ ለመጠጣት ሲወርዱም መኪናው ውስጥ ትቶ መሄድ ልማድ አይሁን።

ሜዳው ላይ

የሜዳው ሥርዓት አጭር ነው። ከመተኮሻው ቦታ ውጭ ጠመንጃው ባዶ ነው፣ ታጥፎ የተከፈተ ነው ወይም ማኅደሩ ውስጥ ነው። መተኮሻው ላይ ከቆሙ በኋላ፣ አፈሙዙ ወደ ሜዳው ዞሮ ሳለ፣ ያጎርሳሉ። ጣት ምላጩ ላይ የሚያርፈው ዒላማው ከተጠራ በኋላ ነው። የደኅንነት ቁልፉን አይመኑ፤ የብዙዎቹ ቁልፍ ምላጩን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ጠመንጃው ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ተኩሰው ሲጨርሱ መጀመሪያ ይክፈቱ፣ ከዚያ ዘወር ይበሉ። የጆሮ መከላከያና መነጽር ግዴታ ናቸው፦ የ12 ቁጥር ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፣ በአንድ ተኩስ እንኳ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ የሸክላው ስባሪም ወደ ተኳሹ ይመለሳል።

ልምድ ያላቸውን ሰዎች እንኳ የጎዱ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም ቀላል መከላከያ አላቸው።

አንደኛው 20 ቁጥር ጥይት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ መግባቱ ነው። ጠበብ ያለ በመሆኑ ወደ ውስጥ ተንሸራትቶ አፈሙዙ መነሻ ላይ ይቀረቀራል። ምላጩ ሲሳብ ምንም አይፈጠርም። ተኳሹ ይከፍታል፣ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፣ የረሳ መስሎት 12 ቁጥር ያጎርሳል። ሲተኩስ የኋላው የፊቱን ይመታል፣ አፈሙዙም ግራ እጁ ባለበት ቦታ ይፈነዳል። የ20 ቁጥር ቀለህ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ዓይነት አንድ ኪስ፣ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ዝናር ውስጥ አይቀላቅሉ።

ሁለተኛው የከሸፈና የደከመ ጥይት ነው። መርፌው መትቶ ካልተተኮሰ አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንደያዙ 30 ሰከንድ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይክፈቱ፤ ዘግይቶ ሊነድድ ይችላል። ተተኩሶ ድምፁ ደከም ካለ ይቁሙ። ውታፉ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በላዩ ላይ ሌላ መተኮስ ጠመንጃውን ይሰነጥቃል። ሁለቱንም ጥይት አውጥተው በአፈሙዙ ውስጥ ሰማይ እስኪታይ ድረስ አይቀጥሉ።

ሦስተኛው የጥይት ርዝመት ነው። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው 70 ሚሊ ሜትር ጥይቱ ከተተኮሰና እጥፋቱ ከተከፈተ በኋላ ያለው ርዝመት ነው። ሳይተኮስ አጠር ስለሚል ለ65 ሚሊ ሜትር በተሠራ የድሮ ጠመንጃ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የሚከፈተው ጫፍ መንገዱን ያጠባል፣ ግፊቱም ይንራል። ስለዚህ ገባ ማለት ይሆናል ማለት አይደለም፤ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ። የብረት ፍሬም እንዲሁ ነው። የብሪታንያ መንግሥት የእርሳስ ጥይትን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት መወሰኑን እ.ኤ.አ. በ2025 አስታውቋል፤ ብረት ግን ከእርሳስ ይጠነክራል፣ በድሮ ስስ አፈሙዝና በጠባብ ቾክ መተኮስ የለበትም። ጠመንጃዎ ይችለው እንደሆነ ጠጋኝ ይጠይቁ። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀልል ደግሞ ሁለት ቁጥር ያህል ተለቅ ያለ ፍሬ ይምረጡ።

ከተኩስ በኋላ

ጠመንጃ መወልወል ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቤት ሲደርሱ ባዶነቱን አረጋግጠው በሦስት ይፍቱት። በአፈሙዙ ውስጥ መጀመሪያ የነሐስ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ማሟሟቻ የነካው ጨርቅ፣ መጨረሻ ደረቅ ጨርቅ ያሳልፉ። ቾኮቹን ፈትተው ጥርሳቸውን ይጥረጉ፣ ጥቂት ቅባት ነክተው ይመልሷቸው፤ ሳይፈታ የከረመ ቾክ ይጣበቅና የሚያወጣው ጠጋኝ ብቻ ይሆናል። ላልቶ የተተወ ቾክ ደግሞ ከነአፈሙዙ ጫፍ ሊበላሽ ይችላል፣ ስለዚህ ከመተኮስዎ በፊት መጥበቁን ይዩ። ማጠፊያው ላይ ግሪስ ይቀቡ። ብረቱን ዘይት በነካው ጨርቅ ዳሰስ ያድርጉት፤ ዘይት ሲበዛ ወደ ሰደፉ ይወርድና እንጨቱን ያለሰልሰዋል። ዝናብ ከመታው ወዲያው ካዝና ውስጥ አይቆልፉት፤ አጠገቡ ሆነው ያድርቁት፣ ከዚያ ይግባ።

ለሌላ አገር አንባቢ

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች የመሣሪያው አሠራር ያው ነው፤ ሕጉ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሲገዙ የፌዴራል ቅጽ ይሞላል፣ የማንነት ማጣራትም ይደረጋል። የፍሬ ቁጥሩም ከእንግሊዙ ጥቂት ይለያል፣ የአሜሪካው 7½ ትንሽ ተለቅ ይላል። በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ውጭ አገር የተሰጠ ፈቃድ እዚያ ምንም ዋጋ የለውምና ለዘመድ ስጦታ ብሎ ጠመንጃ ወይም ጥይት ሻንጣ ውስጥ መክተት ወንጀል ነው።

የትም ይኑሩ የት ምክሩ አንድ ነው። ለጠመንጃ ካሰቡት ገንዘብ ላይ ጥቂቱን ቀንሰው መጀመሪያ ከአሠልጣኝ ጋር ጥቂት ትምህርት ይግዙ። የትኛው ዓይንዎ እንደሚያዝ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ሰደፍ እንደሚሆንዎት፣ ከየትኛው የተኩስ ዓይነት እንደሚስማሙ ያን ጊዜ ያውቃሉ። ይህን ይዞ ሱቅ የገባ ሰው ሻጩን «የትኛው ይሻላል?» ብሎ አይጠይቅም፤ ልኩን ይናገራል።